ከማንጎው ሥር ስም ሲጠራ

ጋሽ ተክለጻድቅን የማያውቅ አርባ ምንጭ፣ ሴቻ ሰፈር ውስጥ የለም። ከግማሽ በላይ የሚሆነው የሰፈሩ አጥር የቆመው እሳቸው በለኩት መስመር ላይ ነው። ገና ወጣት ሳሉ ከጎጃም ተመድበው የመጡ የመሬት ቀያሽ ናቸው፤ እንደመጡም ቀሩ። ጡረታ ከወጡ በኋላ እንኳን መንገድ መሐል ቆም ብለው የሰው አጥር በዓይናቸው ሲለኩ ብዙ ጊዜ አይቻቸዋለሁ። "ይሄ ሰውዬ ወደ መንገዱ ገፍቷል" ይሉና ራሳቸውን ነቅንቀው ያልፋሉ። የተጣመመ ነገር አይወዱም። አጥራቸው ቀጥ ያለ፣ ቃላቸው ቀጥ ያለ፣ ጾማቸውም ቀጥ ያለ ነው። በሁዳዴ ዓሣ እንኳን አፋቸው ገብቶ አያውቅም፤ አርባ ምንጭ ተቀምጦ በሁዳዴ ዓሣ መተው ምን ያህል ከባድ እንደሆነ ደግሞ የአባያ ሐይቅን ዓሣ የቀመሰ ያውቀዋል።

እኔ ሻሺቱ እባላለሁ፤ ጎረቤታቸው ነኝ። ልብስ ሰፊ ነኝ። የስፌት መኪናዬ በረንዳዬ ላይ ናት፤ ከበረንዳዬ ቀጥሎ የቆርቆሮ አጥር፣ ከአጥሩ ወዲያ የእነሱ ጓሮ ነው። ቆርቆሮው ረጅም ስለሆነ አላይም። ጆሮዬ ግን ሥራ ፈቶ አያውቅም።

ሚስታቸው እትዬ ጣይቱ አስተማሪ ነበሩ፤ ያውም የአንደኛ ክፍል ብቻ። ከወሎ መጥተው መጀመሪያ የተመደቡት ጨንቻ ነው። ከጋሽ ተክለጻድቅ ጋር የተዋወቁትም ከጨንቻ ስትወርድ ጭቃ ውስጥ የተቀረቀረች የመንግሥት ላንድሮቨር አብረው ሲገፉ ነው። "እኔ ስገፋ እሱ ይለካ ነበር" ይሉ ነበር እትዬ ጣይቱ፣ ሰው ሁሉ እየሰማ። ጋሽ ተክለጻድቅ ይቀላሉ፤ ግን ታሪኩ እንዲደገም ይፈልጉ እንደነበር ፊታቸው ይናገር ነበር።

ከዚያ እትዬ ወደ አርባ ምንጭ ተዛውረው ስንቱን ልጅ ፊደል አስቆጠሩ። እኔንም ያስቆጠሩኝ እሳቸው ናቸው። እኛ የጋሞ ልጆች አማርኛን ያገኘነው ከትምህርት ቤት ነው፤ ወንዱን "አንቺ"፣ ሴቷን "አንተ" እያልን ስናምታታ እሳቸው አይቆጡም፤ ስቀው ያርሙናል። ወደ ላይኛው ክፍል ከፍ በይ ሲባሉ እንቢ ይሉ ነበር። "ሁለተኛ ክፍል ሲደርሱ ብልጥ ይሆናሉ፤ እኔ ብልጥ ልጅ አልወድም" ይላሉ። የራሳቸው ልጅ አልወለዱም። ያዘነላቸው ሰው ሲኖር "በየዓመቱ ሃምሳ እወልድ የለም እንዴ? የኔን ያህል የወለደ ማን አለ?" ይሉት ነበር።

የእትዬ በሽታ መጀመሩን ያወቅኩት እዚያው አጥሩ ሥር ነው። አንድ ቀን በቆርቆሮው ቀዳዳ "ሻሺቱ፣ እናትሽ ደኅና ናት?" አሉኝ። እናቴን ከቀበርን ዓመት አልፎን ነበር፤ ድንኳን ውስጥ አቅፈውኝ ያለቀሱት እሳቸው ራሳቸው ናቸው። ምን ልበል? "ደኅና ናት" አልኩ። ያን ቀን ግን መኪናዬን መልሼ አልረገጥኩም።

ከዚያ ነገሩ እየባሰ ሄደ። ሐኪሞቹ ጋሽ ተክለጻድቅን የመርሳት በሽታ ነው፣ መድኃኒት የለውም፣ እንዳትጠፋ ብቻ ጠብቃት አሏቸው። መጠበቁ ነበር ችግሩ። እትዬ ጣይቱ ባላቸውን ረሱ፤ ወንድሞቻቸውን ረሱ፤ ምሳ መብላታቸውን ረሱ፤ የትምህርት ቤቱን ደወል ግን አልረሱም። ጠዋት ጠዋት ደወል ተደወለ ብለው ሹራባቸውን ደርበው ይወጣሉ። አንድ ጊዜ ትምህርት ቤቱ በር ላይ ተገኙ፤ ዘበኛው አስቀምጦ ውኃ ሰጣቸው። ሌላ ጊዜ በሚኒባስ ወርደው ታችኛው ከተማ፣ ሲቀላ መናኸሪያ ውስጥ ልጅ ሲያሰልፉ ተገኙ። ሦስተኛው ያስደነግጣል። ከጓሯችን በስተጀርባ ሴቻ ያበቃና ቁልቁለቱ ይጀምራል፤ ታች ደኑ ነው፤ ከርከሮና ዝንጀሮ የሚውልበት ደን። እዚያ አፋፉ ላይ ደርሰው ነበር።

ጋሽ ተክለጻድቅ በሩን ቆለፉ። እትዬ ጣይቱ የብረቱን በር በሁለት እጃቸው እየደበደቡ "ልጆቼ ውጭ ፀሐይ ላይ ናቸው! ልጆቼ ተጠሙ!" እያሉ ይጮኻሉ። ሰፈሩ ሁሉ ይሰማ ነበር። እኔ መኪናዬን አስጩኼ ድምፁን ልሸፍን እሞክራለሁ። ጋሽ ተክለጻድቅ በሩ ሥር ድንጋይ ላይ ተቀምጠው፣ ኮፍያቸውን ጉልበታቸው ላይ አድርገው፣ ጩኸቱ እስኪያልቅ ይጠብቃሉ። እትዬ ሲጮኹ ይደክማቸዋል፤ ባልየው ግን መጠበቁ አይደክማቸውም ነበር።

ከዕለታት አንድ ቀን ጩኸቱ መሐል ላይ ቆመ። ምን ሆኑ ብዬ በቀዳዳው አየሁ። ጓሯቸው ውስጥ አንድ ትልቅ ማንጎ አለ፤ እዚያ ላይ ወፎች ሰፍረው ነበር። ጀርባቸው እንደ ሐር የሚያብረቀርቅ ሰማያዊ፣ ሆዳቸው ብርቱካናማ የሆኑት፣ አርባ ምንጭ ውስጥ በየደጁ የሚንጫጩት። እትዬ ጣይቱ ፊታቸው በራ። ጣታቸውን ከፍ አድርገው "ኦሊያድ!" አሉ። "ኦሊያድ፣ ጓደኛህን አትግፋ! ማራኪ፣ ዛሬም አረፈድሽ?" የተማሪዎቻቸውን ስም እየጠሩ ነበር። ወፎቹ እስኪበሩ ጠሩ፤ ሲበሩ "ዕረፍት ነው" ብለው ተረጋግተው ገቡ።

ጋሽ ተክለጻድቅ ይህን አዩ። ያን ቀን ማታ ምን እንዳሰቡ ባላውቅም በማግስቱ ቀያሽነታቸው ተመለሰ። ወፎቹ በየጠዋቱ ከማንጎው ሥር ከመጡ ሚስታቸው ከበሩ ውጭ አይወጡም። ነገሩ ይኸው ነው። ሌላ ምንም አልፈለጉም።

መጀመሪያ ከጫኖ እርሻ የመጣ ሙዝና ፓፓያ ቆራርጠው ሰቀሉ። ወፎቹ መጡ፤ ከወፎቹ ቀድመው ግን ዝንጀሮዎቹ ደረሱ። በስተኋላ ያለውን የቁጥቋጦ አጥር ሰርስረው ገብተው ሙዙን ወሰዱ፤ አንዱ ጎረምሳ ዝንጀሮ ደግሞ የእትዬ ጣይቱ ወንበር ላይ ፊጥ ብሎ ተቀመጠ። እትዬ እንደዚያ ቀን ሲደነግጡ አይቼ አላውቅም። ጋሽ ተክለጻድቅ የተሰረሰረውን ቦታ በእሾህ ደፈኑትና ፍራፍሬውን ተዉት። ለውዝ ወቅጠው ሞከሩ፤ ጉንዳን ወረረው።

መላው የተገኘው ከካሱ ሥጋ ቤት ጓሮ ነው። ካሱም እንደኔው የእትዬ ጣይቱ ተማሪ ነው፤ አሁን ሽበት አውጥቷል። ጋሽ ተክለጻድቅ ሥጋ ሊገዙ ሄደው ከሥጋ ቤቱ ጀርባ የተሰቀለ ሞራ ያያሉ። እነዚያው ሰማያዊዎቹ ወፎች ተንጠላጥለው እየነቆሩ ሞራውን ይበሉታል። ካሱ "እንዴ፣ ሞራማ ነፍሳቸው ነው!" አላቸው። "የእትዬን ተማሪዎች እኔ እቀልባለሁ" ብሎም ከዚያ ቀን ጀምሮ ሞራ ያስቀምጥላቸው ጀመር። ያውም ጠንካራውን፣ የኩላሊቱን፤ ስሱ ሞራ በአርባ ምንጭ ፀሐይ ቀልጦ ያልቃልና።

ሞራ መስቀል እንዲህ ልፋት ያለበት መሆኑን ያወቅኩት ከእሳቸው ነው። እንዲሁ ያለ መሸፈኛ ሲሰቅሉት ቁራ ጠልፎት ሄደ። ሁለተኛውን ጭልፊት ሞጭልፎ ወሰደው። ሦስተኛውን በአሮጌ የሽቦ ወንፊት አጥፈው፣ ዙሪያውን ሰፍተው፣ ቅጠሉ በሚበዛበት ዝቅተኛ ቅርንጫፍ ላይ አሠሩት፤ ትልቁ አሞራ ክንፉን የሚዘረጋበት ቦታ የለውም፤ ትንንሾቹ ግን ሽቦውን ይዘው ይነቁራሉ። ጥላው የት እስከ ስንት ሰዓት እንደሚቆይ በገመድ ለኩ። ቀትር ላይ ሞራውን አውርደው እርጥብ አሸዋ ላይ የተቀመጠ ገንቦ ውስጥ ይከቱታል፤ በማግስቱ ያወጡታል። ሰማያዊዎቹ መጡ። ቢጫዎቹ፣ ፊታቸው ጥቁር የሆኑት፣ መጡ። አንድ ቡናማ መልክ የሌለው፣ ዘፈኑ ግን ሁሉን የሚያስንቅ ወፍም መጣ።

ከዚያ በኋላ የጠዋት ሥራዬ የሚጀምረው በእነሱ ነበር። መጀመሪያ የጋሽ ተክለጻድቅ ድምፅ ይመጣል፤ "መምህርት ጣይቱ፣ ተማሪዎቹ ገብተዋል!" ቀጥሎ የወንበሩ ሲጢጥ ማለት። ከዚያ ስም ጥሪው። "ኦሊያድ! ኦይታ! ሃና!" አንድ ጊዜ እጄ ጨርቁ ላይ እንዳለ "ሻሺቱ! አፍሽን ዝጊና ጆሮሽን ክፈቺ!" ሲሉ ሰማሁ። ያኔ አንደኛ ክፍል ሳለሁ የሚሉኝን አንድም ሳያጎድሉ ነው ያሉት። ሳቄ መጣ፤ ከሳቄ ጋር እንባዬም መጣ። በቀዳዳው የትኛዋን እንደሚያመለክቱ አይለይምና፣ ገብቼ የትኛዋ እንደሆንኩ ባየሁ እያልኩ ስንት ጊዜ ተመኘሁ። ግን ሰው ሲገባ ወፎቹ ይበራሉ፤ ስም ጥሪው ሳያልቅ ሲበሩ ደግሞ እትዬ ሊፈልጓቸው ወደ በሩ ይሄዳሉ። ስለዚህ በክፍል ሰዓት ማንም አይገባም ነበር። ጋሽ ተክለጻድቅ ብቻ አጠገባቸው በርጩማ ላይ ተቀምጠው ዝም ይላሉ። እትዬ ጣይቱ ዳይሬክተሩ ናቸው ብለው ስለሚያስቡ "አቶ ዳይሬክተር፣ ይህ ልጅ አባት የለውም፤ ደብተር ይፈለግለት" ይሏቸዋል። "እሺ፣ ይፈለጋል" ይላሉ ባልየው። ያ ዓመት ለእነሱ ደግ ዓመት ነበር።

ሰፈሩ ግን ሰፈር ነው። ሞራ ዛፍ ላይ ተሰቅሎ የታየ ቀን ወሬ ተነሣ። ድሮ በየደጋው ሞራ ዘርግተው የሚመጣውን የሚናገሩ ሽማግሌዎች ነበሩ፤ ይህን የማያውቅ የለም። እንግዲህ የቤተ ክርስቲያኑ ሰው ጋሽ ተክለጻድቅ የሚስታቸውን በሽታ በሞራ ሊያስነብቡ ነው ተባለ። ወሬውን የምታቦካው ወይዘሮ ጸዳለ ናት፤ የሰንበቴያቸው አስተናባሪ። በሁዳዴ የአባያን ዓሣ በስፍር የምታስገባ ሴት፣ "ዓሣ ሥጋ አይደለም፣ ውኃ ነው" የምትል ሴት፣ ስለ ሰው ሞራ ምን አገባት? ግን እንዲህ ያለ ሰው አፉ አያርፍም።

ሁዳዴ ሊገባ ሲል፣ የቅበላው ሰሞን፣ ሰንበቴ ላይ ተናገረቻቸው። እኔ የወንጌል አማኝ ስለሆንኩ እዚያ አልነበርኩም፤ ካሱ ነው የነገረኝ። ዳቦው ተባርኮ ሊቆረስ ሲል "ነገ በሁዳዴም ሞራ ከሚንጠባጠብበት ቤት የሚመጣ ዳቦ እንዴት ይቀመሳል?" አለች፣ ስም ሳትጠራ። ጋሽ ተክለጻድቅ ዳቧቸውን በነጠላ ሸፍነው ተነሡ።

በማግስቱ ሽቦውን አወረዱት። እጃቸውን በአመድና በሳሙና ሲታጠቡ አይቼ በቀዳዳው "ጋሼ፣ ምነው?" አልኳቸው።

"ጾም ገባ።"

"ወፎቹም ይጾማሉ እንዴ?"

"ይጹሙ። እኔም እጾማለሁ፣ እነሱም ይጹሙ። ፋሲካ ሩቅ አይደለም።"

"የእኛ አማኞች ሥጋ ቤት ሁዳዴም ክፍት ነው። እኔ አመጣለሁ፤ እኔው እሰቅላለሁ። እርስዎ እጅዎን አያስነኩም።"

"ሻሺቱ፣ አንቺ በሃይማኖትሽ ነሽ፤ አልፈርድብሽም" አሉኝ። "እኔ ግን ዕድሜዬን ሙሉ የጾምኩትን ጾም በስተርጅና ሰው እንዲሥቅበት አላደርግም። ዛፉ የቆመው በኔ ግቢ ነው።"

ቀጥ ያለ ሰው ማለት እንግዲህ ይህ ነው። ንስሐ አባታቸውን ይጠይቁ ብላቸው ኖሮ እንኳን አይጠይቁም ነበር፤ የጾምን ነገር እሳቸው አሳምረው የሚያውቁ ይመስላቸዋል።

ወፎቹ ጥቂት ቀን መጡ። ቅርንጫፉ ላይ ተቀምጠው ታች ያያሉ፣ ይንጫጫሉ፣ ይሄዳሉ። ከዚያ መምጣቱን ተዉት። እትዬ ጣይቱ ወንበራቸው ላይ ተቀምጠው ይጠብቃሉ። "ማን ነው ክፍሌን የበተነው?" ሲሉ ሰማሁ።

"ትምህርት ተዘግቶ ነው፤ ዕረፍት ነው" አሏቸው ጋሽ ተክለጻድቅ።

"መቼ ይከፈታል?"

"ለፋሲካ።"

በማግስቱም ይጠይቃሉ። "አቶ ዳይሬክተር፣ ፋሲካ ነገ ነው?" የሁዳዴው ሳምንታት እንዲህ አለፉ። እትዬ ጣይቱ እንደ ድሮው በሩን አልደበደቡም፤ ኋላ መጠየቁንም ተዉ። ዝም አሉ። ጋሽ ተክለጻድቅ ተረጋጋች ብለው ደስ አላቸው፤ እኔ ግን ዝምታቸውን ፈራሁት።

ሆሳዕና ደረሰ። የዚያን ቀን ቤተ ክርስቲያኑ ይጨናነቃል፤ እትዬ ጣይቱ ሕዝብ ሲበዛ ይጨንቃቸዋል። ስለዚህ ባላቸው ቁርሳቸውን አብልተው፣ አስተኝተው፣ በሩን ቆልፈው ብቻቸውን ሄዱ። እኔም በእኛ ቤተ ክርስቲያን ነበርኩ። የሰፈሩ ሰው ሁሉ በየጸሎቱ ነበር።

ስመለስ ጋሽ ተክለጻድቅን በራቸው ላይ አገኘኋቸው። ግንባራቸው ላይ ዘንባባ አሥረዋል፤ በእጃቸው ደግሞ በመንገድ የሠሩትን የዘንባባ ቀለበት ይዘዋል። "ለሷ ነው፤ በየዓመቱ አደርግላታለሁ" አሉኝና እንደ ልጅ አፈሩ። ቁልፉን ከኪሳቸው አውጥተው ከፈቱ። "መምህርት!" ብለው ገቡ። ትንሽ ቆይተው እንደገና "መምህርት!" አሉ። ሦስተኛው "ጣይቱ!" ነበር። ያን ጊዜ ሮጥኩ።

አልጋው ባዶ ነው። ወንበሩም ባዶ ነው። ከጓሮው በስተኋላ፣ ዝንጀሮዎቹ የሰረሰሩት ቦታ፣ የተደፈነበት እሾህ አንድ በአንድ ተነቅሎ በሥርዓት ጎን ለጎን ተደርድሯል። ልጅ እንዳይወጋ ብለው ይሆናል። እሾሁ ላይ ደም ነበረበት።

ካሱ መጣ፤ የሰፈሩ ወጣት ሁሉ ወጣ። እስኪመሽ ድረስ ቁልቁለቱን ስንጣራ ዋልን። የተገኙት ሰኞ ጠዋት ነው። እንጨት ተሸክመው ከደኑ የሚወጡ ሴቶች ናቸው ያገኟቸው፤ ታች፣ አርባዎቹ ምንጮች አካባቢ፣ አንድ ትልቅ ሾላ ሥር ተቀምጠው። ሾላው አፍርቶ ስለነበር ላዩ ወፍ ብቻ ነበር ይላሉ። ወድቀው ኖሮ ጭናቸው ተሰብሯል፤ ሴቶቹ ሊያነሷቸው ሲሉ "ቀስ በሉ፣ ስም እየጠራሁ ነው" አሏቸው። ከሴቶቹ አንዷ የኔ አገር ሰው ናት፤ በጋሞኛ ነግራኛለች። በቃሬዛ ሲያወጧቸው እያቃሰቱም ፊታቸው ይሥቅ ነበር። "ዛሬ ማንም አልቀረም" ይሉ ነበር። "ሁሉም መጥተዋል። አንድም የቀረ የለም።"

ሐኪም ቤት ገቡ። ጋሽ ተክለጻድቅ የዘንባባውን ቀለበት ጣታቸው ላይ አደረጉላቸው። ማክሰኞ እትዬ ጣይቱ ዐረፉ።

የቀብሩን ነገር አሁንም አልረሳውም። እኔ የእነሱን ሥርዓት ብዙም አላውቅም ነበር። በሰሙነ ሕማማት ለሞተ ሰው ፍትሐት አይደረግም፤ ሳምንቱ የጌታ መከራ ነው። ሰላምታ እንኳን የለም። እንዲያው ጸጥ ብሎ ይቀበራል። እኔ ተናደድኩ። ይህን ያህል ልጅ ያስተማሩ ሴት ጸሎት ሳይደረግላቸው እንዴት ይቀበራሉ ብዬ፣ የጋሽ ተክለጻድቅን ንስሐ አባት፣ ቄስ ሰይፈሥላሴን፣ መቃብሩ ዳር ፊት ለፊት ጠየቅኳቸው።

"ተደርጎላቸዋል" አሉኝ ቄሱ። "በዚህ ሳምንት ለሚያርፉ ሁሉ ሆሳዕና ዕለት፣ ከቅዳሴ በኋላ፣ አስቀድሞ ፍትሐት ይደረጋል። እሑድ ተፈቶላቸዋል።"

ጋሽ ተክለጻድቅ ሰሙ። ሥርዓቱንማ ያውቁታል፤ በየዓመቱ ቆመውበታል። ግን ያን ጊዜ ነው የገባቸው። "ቆሜ ነበር" አሉ። "የማን እንደሆነ ሳላውቅ ቆሜ አሜን እል ነበር። ያን ጊዜ እሷ እሾህ ስትነቅል ነበር።" ካሱና እኔ ግራና ቀኝ ያዝናቸው።

ከመቃብሩ ስንመለስ ቄሱን አንድ ነገር ጠየቁ። "አባቴ፣ ለወፍ ሞራ መስቀል ጾም ያስገድፋል?"

ቄስ ሰይፈሥላሴ ግራ ተጋቡ። "ለወፍ ጾም ማን አዘዘ? ለበሽተኛስ ማን አዘዘ? ስለ እሷ ብለህ ብትሰቅል ምጽዋት ነበር የምልህ። ምነው፣ ምነው አልጠየቅከኝም?"

"አልጠየቅኩም" አሉ ጋሽ ተክለጻድቅ።

ፋሲካ ሆነ። ሰፈሩ እንደ ልማዱ ቅርጫ ገብቶ በሬ አርዷል፤ ሥጋው የተመደበው ወይዘሮ ጸዳለ ግቢ ነው። እኔ ጠዋት ለጋሽ ተክለጻድቅ ምግብ ይዤ ሄድኩ። ዶሮው ቀርቦላቸው አልነኩትም። በሩ ተንኳኳ፤ ስከፍት ወይዘሮ ጸዳለ ናት። በእንሰት ቅጠል የተጠቀለለ ነገር በሁለት እጇ ይዛለች። በሩን ፊቷ ላይ ብዘጋው እንዴት ደስ ባለኝ። ግን ሴትዮዋ ዓይኗ አብጧል።

"ሞራው ነው" አለች። "የኔ መደብ። የኩላሊቱ ነው።" ማልቀስ ጀመረች።

ጋሽ ተክለጻድቅ ከበርጩማቸው ተነሥተው መጡ። ይሰድቧታል ብዬ ጠበቅኩ፤ ለመስማትም ጓጉቼ ነበር። እሳቸው ግን ቅጠሉን በሁለት እጃቸው ተቀብለው "እግዚአብሔር ይስጥልኝ" አሉ። ከእሷ በኋላ ሌላዋ መጣች፤ ከሌላዋ በኋላ ካሱ መጣ። የቅርጫው ማኅበርተኛ ሁሉ ሞራውን ወደዚያ ግቢ አመጣ። በእንሰት ቅጠል ላይ በእንሰት ቅጠል ተደራረበ። አምና በእጅ መዳፍ ሲሞላ ብርቅ የነበረው ሞራ ያን ቀን በረንዳውን ሞላው። ጋሽ ተክለጻድቅ ቆመው አዩትና "አሁን ምን ያደርግላታል?" አሉ። ሰዎቹ አንድ በአንድ ወጡ፤ እኔ ቀረሁ።

ጋሽ ተክለጻድቅ ሽቦውን ከገንቦው አጠገብ አንሥተው አራገፉ፤ ሞራ ሞሉት፤ ሰቀሉት። የእትዬን ወንበር ከቤት አውጥተው እንደ ድሮው ቦታው ላይ አደረጉት። አጠገቡ በርጩማቸው ላይ ተቀመጡ። እኔ ግድግዳው ሥር ቆምኩ። ወፎቹ ቶሎ አልመጡም። ቦታውን ረስተውት ይሆናል አልኩ። ፀሐይ ከቀትር ዘወር ስትል አንዱ ሰማያዊ መጣ። ቀጥሎ ሁለት። ከዚያ ቢጫዎቹ፣ ያ ዘፋኙም። ማንጎው በድምፅ ተሞላ። ያን ያህል ወፍ እዚያ ጓሮ ውስጥ መጥቶ አያውቅም።

ጋሽ ተክለጻድቅ ተነሥተው ወደ ቤቱ ዞሩ። "መምህርት ጣይቱ፣ ተማሪዎቹ ገብ..." ብለው አቋረጡት። እጃቸው በአየር ላይ ቀረ። ከዚያ ቀስ ብለው ተመልሰው ተቀመጡና ወፎቹን ማየት ጀመሩ፤ አንዱን ካንዱ ለመለየት እንደሚፈልግ ሰው፣ እየተጠጉ፣ ዓይናቸውን እያጠበቡ።

"ሻሺቱ" አሉኝ። "ኦሊያድ የቱ ነው?"

አየሁ። ሰማያዊዎቹ ሁሉም ሰማያዊ ናቸው። ቢጫዎቹ ሁሉም ቢጫ ናቸው።

"አላውቅም ጋሼ። እኔ ከአጥር ወዲያ ነበርኩ፤ ስሙን ነው የምሰማው።"

"እኔ አጠገቧ ነበርኩ" አሉ። "በየቀኑ አጠገቧ ተቀምጬ ነበር። የሷ ነገር ነው ብዬ፣ በሽታው ነው ብዬ፣ አንድ ቀን እንኳን የቱ ነው ብዬ አልጠየቅኳትም።" ኮፍያቸውን አውልቀው ፊታቸውን ሸፈኑበት።

ማጽናናት ነበረብኝ። እኔ ግን ዓይኔን ከዛፉ ላይ መንቀል አልቻልኩም። ከእነዚያ ወፎች አንዷ ሻሺቱ ነበረች። የቷ እንደሆነች የሚነግረኝ ሰው ከእንግዲህ የለም።